ለ11 ዓመት ልጆች ሙሉ ሜዳ ፕሬስ?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ከ10 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆችን ቅርጫት ኳስ አሠለጥናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የገጠመን ቡድን ከመጀመሪያው ደቂቃ ሙሉ ሜዳ ፕሬስ (ኳስ ያዡን ከራሱ ቅርጫት ስር ጀምሮ በሜዳው ሁሉ ተጭኖ መከላከል) ስላደረገብን መሀል መስመሩን መሻገር አቅቶን ተሸነፍን። ወላጆች «ያንተ ልጆችስ ለምን እንዲህ አይጫወቱም?» ይሉኛል። ሕጉ ይፈቅዳል? እኔስ ላስተምራቸው?
አሠልጣኝ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) መደበኛ ሕግ ፕሬስን አይከለክልም። ገደብ ካለ የሚገኘው በየውድድሩ ደንብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት አዘጋጆቹን ይጠይቁ፤ ፕሬስ ከስንት ዓመት ይፈቀዳል፣ የነጥብ ልዩነቱ ስንት ሲደርስ ይቆማል፣ ሁለት ተከላካይ አንድ ኳስ ያዥ ላይ መሄድ ይችላል ወይ? ደንቡ ዝም ካለ ከጨዋታው በፊት ከተጋጣሚዎ አሠልጣኝ ጋር ይስማሙ።

ማስተማሩ ግን ገና ነው። በዚህ ዕድሜ ፕሬስ የሚያሸንፈው መከላከሉ በርትቶ ሳይሆን፣ የተከበበው ልጅ ኳሱን ከሰው በላይ አሻግሮ የሚወረውርበት ጉልበት ስለሌለው ነው። በአዋቂ ወንዶች ኳስ፣ በ7 ቁጥር፣ ከሆነማ ይብሳል፤ ለነዚህ ልጆች የሚሆነው 5 ቁጥር ነው። ነጣቂውም ቢሆን እጅ መስደድ ብቻ ይለምዳል። ነገ ጥሩ አንጣሪ ሲገጥመው ወይ ይታለፋል፣ ወይ ፋውል ይሠራል። በአንድ ሩብ ከ4 የቡድን ፋውል በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ የመከላከል ፋውል 2 ነጻ ውርወራ ያሰጣል።

ከሁሉ በፊት እግር ይቅደም። ኳስ ያዡ በዝግታ እየተጠማዘዘ ያንጥር፤ ተከላካዩ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ የአንድ ክንድ ርቀት ጠብቆ በጎን ይንሸራተት። ተረከዞቹ ከተነካኩ ወይም እግሮቹ ከተቆላለፉ አቅጣጫ መቀየር አይችልምና ወዲያው አስቁመው ያርሙት። ሲሚንቶው በዝናብ ከረጠበ ይህን ልምምድ ይተዉት።

ቀጥሎ ኳስ የሌለውን ተጫዋች መጠበቅ ይመጣል። ልጆች ኳሱን ብቻ ስለሚያዩ ሰዋቸው ከኋላ ያመልጣቸዋል። በጨዋታ መሀል ድንገት «ቁም!» ይበሉ፤ ሁሉም በአንድ እጁ ኳሱን፣ በሌላው የሚጠብቀውን ልጅ ይጠቁም። ዞሮ የሚፈልግ ካለ ቦታውን ስቷል ማለት ነው።

ፕሬስ ማምለጥን ግን ከዛሬ ጀምሮ ያሠልጥኑ። ከውጭ ለማስገባት 5 ሰከንድ፣ መሀል መስመሩን ለመሻገር 8 ሰከንድ አላቸው። ጎል ተቆጥሮባቸው ሲያስገቡ ከቅርጫቱ ኋላ ካለው የሜዳው ጫፍ መስመር ውጭ ወዲያ ወዲህ መሮጥ እንደሚፈቀድ ብዙ ልጆች አያውቁም። ተቀባዩ ቶሎ ማንጠር አይጀምር፤ መጀመሪያ ዞሮ ሜዳውን ይመልከት። ጥግ ከገባ መስመሩ ራሱ መውጫ ይነሳዋል። አንድ ልጅ መሀል ሜዳ፣ ሌላው ከኳሱ ኋላ ይቁምለት። በየልምምዱ 10 ደቂቃ 4 አጥቂ ለ3 ተከላካይ ሆነው፣ ሳያነጥሩ በቅብብል ብቻ ይሻገሩ። ከፍ ያለው ኳስ ከተነጠቀ፣ ወደ ላይ አሳይተው በመሬት አንጥረው እንዲያቀብሉ ያሳዩዋቸው። ያለ ስህተት መሻገር ሲጀምሩ 4 ለ 4 ያድርጉት።