የአንባቢያን ጥያቄ፦ በሳምንት ስንት ጊዜ ልጻፍ?

መምህር ነኝ። ስለ ወሎ ባህልና ታሪክ የምጽፍበት ብሎግ አለኝ፤ እዚያ የወጣውን በቴሌግራም ቻናሌም እለቀዋለሁ። መጀመሪያ በየቀኑ እጽፍ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነጠፈብኝ። መመለስ እፈልጋለሁ። በሳምንት ስንት ጊዜ ብጽፍ ይበቃል? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዎታል። ሽማግሌ ጠይቀው፣ ሰነድ አገላብጠው የሚጽፉ ከሆነ በ15 ቀን አንዴም አያሳፍርም። 700 ቃል ያህል ያለው ጽሑፍ መረጃ ከመሰብሰብ እስከ እርማትና ፎቶ በትንሹ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ይህን በየቀኑ የሚችል ሥራ ፈት ብቻ ነው። በሳምንት ያለዎትን ትርፍ ሰዓት አንድ ጽሑፍ በሚወስድብዎት ሰዓት ያካፍሉት። ከሚያገኙት ላይ ደግሞ ይቀንሱለት፤ ለቅሶም ሰርግም አለ።

ከብዛቱ ይልቅ ቀኑ አይለዋወጥ። አንባቢ «ዓርብ ማታ ይወጣል» ብሎ ከለመደ ራሱ ይመጣል። በአንድ ቀን ሦስት ለቀው ሁለት ሳምንት ከጠፉ ግን መጀመሪያ የቻናሉን ድምፅ ይዘጋዋል፣ ቀጥሎ ይረሳዋል። ቀኑን ከሚጽፉት ነገር ጋር ያስማሙት። ለምሳሌ ስለ ባቲ ገበያ ከሆነ ገበያው ሰኞ ነው፤ ሰኞ ይዘግቡ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ይጻፉ፣ ሐሙስ ያሳድሩት፣ ዓርብ ጠዋት ጮክ ብለው አንብበው ያርሙ፣ ማታ ይልቀቁ። የሐሙሷን ዕረፍት አይዝለሏት። ጽፈው ወዲያው ሲያርሙ ዓይን የሚያየው የተጻፈውን ሳይሆን ሊጽፉ ያሰቡትን ነው።

አሁን ሲመለሱ ያለቁና የታረሙ አራት ጽሑፎች በእጅዎ ሳይኖሩ አይጀምሩ። ሁለቱ ሥራ ለሚበዛበት ሳምንት መጠባበቂያ ናቸው፤ አንዱን ሲጠቀሙ በቶሎ ይተኩ። «ስለጠፋሁ ይቅርታ» የሚል ማስታወቂያም አያስፈልግም፤ ጥሩ ጽሑፍ ይዘው ይምጡ እንጂ የሚቀየምዎት የለም።

መብራትና ኔትወርክ ቀንዎን እንዳይበሉት አስቀድመው ቀጠሮ ያስይዙ። ቴሌግራም ላይ ጽሑፉን ቻናሉ ውስጥ ይጻፉና የመላኪያዋን ቀስት ጫን አድርገው ይያዙ፤ ቀንና ሰዓት የሚመረጥበት ይመጣል። መልእክቱ ከቴሌግራም ሰርቨር ስለሚወጣ በሰዓቱ ስልክዎ ቢጠፋም ችግር የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ማታ 2 ሰዓት ለማለት ስልኩ ላይ 20:00 ይምረጡ፤ 2:00 ካሉት ሰው ሁሉ በተኛበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይለቅልዎታል። ብሎግዎ በጉግል ብሎገር (Blogger) ላይ ከሆነ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የሰዓት ቀጠናው ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚቀድመው መሆኑን ይዩ። በረመዳን የማፍጠሪያውን ሰዓት፣ በዓመት በዓል ደግሞ ዋናውን ቀን ይለፉት።

ስለ ርዝመትም እንጨምር። አንድ የቴሌግራም መልእክት የሚይዘው 4,096 ፊደል ነው፤ በአማርኛ ከ600 እስከ 700 ቃል ገደማ ይሆናል። ፎቶ ሥር ሲጽፉ ግን ጣሪያው 1,024 ስለሆነ ከአንድ ሁለት አንቀጽ አያልፍም። ረጅሙን ብሎጉ ላይ አድርገው ቻናሉ ላይ መግቢያውንና ሊንኩን ቢያስቀምጡ ይሻላል። መግቢያው ግን ብቻውን ቢነበብ ትርጉም የሚሰጥ ይሁን፤ «ሙሉውን ለማንበብ ይህን ይጫኑ» ብቻ የሚል ነገር ዳታውን ለሚቆጥብ አንባቢ አይጥምም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ብሎገሮች ያሉበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብቼ ሁሉም ሊንኩን ይለጥፋል፣ «ሼር በሼር» እንባባላለን። የሚያነበኝ ሰው ግን አልጨመረም። ምን ጎደለኝ? እህታችሁ (ከኮምቦልቻ)

እህታችን፣ እዚያ ግሩፕ ውስጥ የጎደለው አንባቢ ነው። ሁሉም ሊንኩን ጥሎ ይወጣል፤ ቆጣሪው ከፍ ቢል እንኳ ከፍቶ የዘጋውን ሰው ነው የሚቆጥርልሽ። የጸሐፊዎች ማኅበር እንደ ወንፈል ነው፤ የሰው ማሳ ላይ ያልዋለ የራሱ ቀን ሲደርስ ብቻውን ያርሳል። እዚህ ደግሞ ሥራው ማንበብ ነው።

ግሩፑን ተዪውና ከምትጽፊበት ጉዳይ ጋር የሚቀራረቡ ከአምስት እስከ ስምንት ጸሐፊዎች ምረጪ። ከዚያ በላይ ከሆኑ አታነቢያቸውም፤ ተመልሶ ላይክ መጫን ይሆናል። በሳምንት የሁለቱን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብበሽ ኮመንት ጻፊ። «ምርጥ ጽሑፍ ነው፣ የኔንም ጎብኙልኝ» ኮመንት አይባልም፤ ልመና ነው። አንዱ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጽፎ ከሆነ «ሴቶች ገዳሙ ውስጥ እንደማይገቡ ጠቅሰሃል፤ ታዲያ ሴት ጎብኚ የት ድረስ ልትሄድ ትችላለች?» ብትዪው የጎደለውን አሳየሽው። እሱም ይመልስልሻል፣ ሌላው አንባቢም «ይቺ ማናት?» ብሎ ስምሽን ተጭኖ ይመጣል። ስትጽፊም የእነሱን ሐሳብ ከተጠቀምሽ በስማቸው ጥቀሺ፣ ሊንኩን እዚያው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አስገቢ። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር መጥቀስ ያምራል፤ ሙሉውን ማምጣት ግን ያለ ፈቃድ አይሆንም።

ከተቻለ በወር አንዴ በአካል ተገናኙ፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ሩቅ አይደለም። በአንድ ቡና ሦስት ጽሑፍ ይበቃል። እዚህ ላይ ጠላታችሁ ይሉኝታ ነው። ፊት ለፊት ሲጠየቅ ሁሉም «ቆንጆ ነው» ይልና ጽሑፉ እንደነበረ ይወጣል። ስለዚህ ጽሑፉ ከአንድ ቀን በፊት ይላክ፤ እያንዳንዱ አንባቢ ማንበብ የሰለቸበትን አንቀጽ ብቻ ምልክት አድርጎ ይምጣ። ማንም «መጥፎ ነው» አላለም፤ ግን አራት ሰው አንድ አንቀጽ ላይ ምልክት ካደረገ ጸሐፊው ነገሩ ይገባዋል።

ጽሑፌን አንድ የፌስቡክ ገጽ ያለ ስሜ ለጠፈው። መብት አለኝ? (ከሐይቅ)

አለዎት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራዎን ሳያስመዘግቡትም ይጠብቅልዎታል። መጀመሪያ የእርስዎንም የእነሱንም ገጽ ቀኑ እንዲታይ አድርገው ስክሪንሾት ያንሱ፤ ከተጻጻፉ በኋላ ሊሰርዙት ይችላሉና። ከዚያ በውስጥ መስመር በጨዋ ቋንቋ «ስሜንና ሊንኩን ያስገቡ ወይም ያንሱልኝ» ይበሏቸው። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ያስተካክላሉ። ካልሆነ በፌስቡክ የቅጂ መብት ማመልከቻ ያሳውቁ።

አምስት ጓደኛሞች በጋራ ብሎግና ቻናል ልንከፍት ነው። ከምን እንጀምር? (ከወልድያ)

ከተራው። በሳምንት አንድ ከወጣ ለእያንዳንዳችሁ በአምስት ሳምንት አንዴ ይደርሳል፤ ከዚህ የቀለለ የለም። ጽሑፉ ከሚወጣበት አራት ቀን ቀድሞ ይግባ፤ የሚቀጥለው ባለተራ የዚህኛው አራሚ ይሁን። ያላስገባ ሰው ተራውን ከሌላው ጋር ይለዋወጣል እንጂ ሳምንቱ ባዶ አይለፍ።

ሁሉም በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ፊደሉ በማንኛውም ስልክና ኮምፒውተር እንዲነበብ የሚያደርገው የጋራ የፊደል ኮድ ነው። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ፋይል ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ስለሚያስቀምጥ ፎንቱ የሌለበት ስልክ ላይ የተዘበራረቀ ነገር ሆኖ ይታያል። ኮምፒውተር ላይ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ ፎንት፣ ስልክ ላይ በጂቦርድ የአማርኛ ኪቦርድ ከጻፋችሁ ይህ አይገጥማችሁም።

ቁልፉን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ አይያዘው። ብሎገር ላይ ሁለታችሁ አስተዳዳሪ፣ ሦስታችሁ ጸሐፊ ሁኑ። ሁሉም አስተዳዳሪ ከሆነ አንዱ በስህተት የሌላውን ጽሑፍ ሊሰርዝ ይችላል፤ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ የይለፍ ቃሉ የጠፋ ቀን ሁላችሁም ውጭ ናችሁ። የቴሌግራም ቻናል ግን ባለቤቱ አንድ ሰው ነው። እሱ ባለቤትነቱን ለሌላ ማስተላለፍ የሚችለው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ስልኩ ላይ ከሚመጣው ኮድ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) ካበራ 7 ቀን ሲሞላው ስለሆነ ቻናሉ በተከፈተበት ቀን ያብራው፤ ያችን የይለፍ ቃልም ወረቀት ላይ ጽፎ ቤቱ ያስቀምጥ።