ዓሣው መቼ እንደምገባ አያውቅም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አነስ ያለ ክሊኒክ ልትከፍቺ ነው። ታካሚ ሲገባ እንዳይጨንቀው፣ እንግድነት እንዳይሰማው ትፈልጊያለሽ። ለዚህም ምን ዓይነት ቀለም፣ ምን ዓይነት ሶፋ እንደሚሻል ጠይቀሻል። እኔ በነርስነት 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ሰባት ዓመታት በክሊኒክ አስተባባሪነት። ስለ ሶፋም የምለው አለኝ። ግን መጀመሪያ ስለ አንድ የዓሣ ገንዳ ላውራሽ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ክሊኒካችንን አደስነው። ሶፋ ቀየርን፣ ግድግዳ ቀባን፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀልን። ጥግ ላይ ደግሞ ባለቀለም ዓሣዎች የሚዋኙበት የመስታወት ገንዳ አስቀመጥን። ገንዳው የኔ ሐሳብ ነበር፤ ስኮራበት ልነግርሽ አልችልም። ከሁለት ወር በኋላ የአስተያየት ሳጥኑን ስንከፍት ቅሬታው ያው ነው። ከወረቀቶቹ በአንዱ ላይ አንዲት እናት እንዲህ ጽፈዋል፦ «ዓሣው ያምራል። ግን እኔ መቼ እንደምገባ እሱም አያውቅም።»

መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን።

በዚያው ሰሞን እኔም ታምሜ ሌላ ቦታ ታካሚ ሆንኩ። አልትራሳውንድ ልነሳ ገባሁ። ባለሙያዋ ስክሪኑን ታያለች፣ ትጫናለች፣ ትለካለች፤ ቃል የለም። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብላ ደግማ ለካች። በቃ፣ እኔ በልቤ ኑዛዜ ጀመርኩ። ለካ ምስሉ ደብዝዞባት ነው! ነርስ ነኝ፣ ይህን መገመት ነበረብኝ። ግን አልጋው ላይ ስትወጪ ሙያሽ ከጫማሽ ጋር መሬት ላይ ይቀራል።

ሁለቱ ነገሮች ተደምረው አንድ ነገር አስተማሩኝ። ሰው ክሊኒክ ውስጥ በብዛት የሚጨንቀው ቀጥሎ የሚሆነውን ስለማያውቅ ነው። መቼ ነው የምገባው? ማን ነው የሚያየኝ? ልብሴን ላውልቅ? ያማል? ውጤቱ ዛሬ ይደርሳል? «ከፍትፍቱ ፊቱ» እንላለን፣ እውነት ነው። ግን ፊት ብቻውን አይበቃም። ፈገግ እያለ ሁለት ሰዓት ያለ መልስ የሚያስቀምጥሽ ሰው ከኮስታራው ይብሳል።

ስለዚህ ወረፋው ላይ ሠራን። ማሳጠር አልቻልንም፤ ሐኪሞቹ ሁለት ናቸው፣ ታካሚው ብዙ ነው። መናገር ግን እንችላለን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ በየ20 ደቂቃው ከወንበሯ ተነስታ ወደ ሰዎቹ ትሄዳለች። «ከፊትዎ አራት ሰው አለ። ድንገተኛ ሕመምተኛ ስለመጣ ዶክተሩ ዘግይተዋል። ወደ 40 ደቂቃ ይቆያሉ» ትላለች። ወጣ ብሎ መመለስ የፈለገ ስልክ ቁጥሩን ትቶ ይሄዳል፤ ሲቃረብ ይደወልለታል። ወረፋው በአንድ ደቂቃ እንኳ አላጠረም። ጭቅጭቁ ግን በጣም ቀነሰ። አንድ ምክር፦ ግምቱን ትንሽ አስረዝመሽ ንገሪ። 40 ተብሎ በ30 የገባ ሰው ደስ ብሎት ይገባል። 20 ተብሎ በ30 የገባ ሰው ተቆጥቶ ይገባል። ሁለቱም የጠበቁት 30 ደቂቃ ነው።

ጥበቃውን አትርሺ። ብዙ ቦታ ታካሚ መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው ዘበኛው ነው፤ ሥልጠና ሲሰጥ ግን የሚጠራው የለም። የእኛው ጥበቃ «ምን ፈልገህ ነው?» ሲል ነው የኖረው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ማስቆም እንደሆነ ስለተነገረው ነው። አሁን «እንኳን ደህና መጡ፣ ካርድ ማውጫው በስተቀኝ ነው» ይላል። የደከመ ሰው ሲያይ ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ ይወጣል። ከሁላችንም ይልቅ የሚመሰገነው እሱ ነው። ትንሽ ያስቀናል።

ቀጥሎ ስም። ኬት ግሬንጀር የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም ነበረች። በካንሰር ታማ እ.ኤ.አ. በ2013 ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ ከሚያክሟት ብዙዎቹ ስማቸውን እንኳ ሳይነግሯት ሥራቸውን ሠርተው እንደሚወጡ አስተዋለች። ከዚያ «ሰላም፣ ስሜ እንዲህ ይባላል» ብሎ መጀመርን የሚያበረታታ ዘመቻ ጀመረች። በ2016 ብታርፍም ዘመቻው ብዙ አገር ደርሷል። እኛም ወሰድነው። መርፌ የምትወጋዋም፣ ደም የሚቀዳውም፣ ዶክተሩም ስማቸውንና የሚሠሩትን ተናግረው ይጀምራሉ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ታካሚውንም «ምን ብዬ ልጥራዎት?» ብለሽ ጠይቂ። «እማዬ» ሲባሉ ደስ የሚላቸው አሉ፤ «ልጄ ሳትሆኝ» ብለው ፊታቸውን የሚያዞሩም አሉ። አጋጥሞኛል።

ሚስጥር ላይ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንበላሻለን። አንድ ቀን ከውስጥ ሆኜ የራሳችን ባልደረባ ስትጣራ ሰማሁ፦ «የእርግዝና ምርመራ ውጤት የምትጠብቀው ማናት?» አዳራሹ ሙሉ ሰው ነው። ማንም አልተነሳም። ልጅቷ ውጤቷን ሳትወስድ ወጥታ ሄደች። ዛሬም ድረስ ሳስበው ይከነክነኛል። የፈለግሽውን ያህል ሶፋ አሳምሪ፣ ያቺ ልጅ አትመለስም። አሁን በቁጥር እንጠራለን፤ የምርመራው ስም አዳራሽ ውስጥ አይነሳም። ካርድ ማውጫው ፊት ለፊት መሬት ላይ መስመር አሰመርን፣ ተረኛው ከመስመሩ ኋላ ይቆማል። «ምንዎን ነው ያመመዎት?» የሚለው ጥያቄ በር ዘግተን እንጂ በመስኮት አይጠየቅም። ቴሌቪዥኑን ደግሞ ድምፁን ቀንሰን እንተወዋለን፤ ለምን ጨርሰን አናጠፋውም ካልሽኝ፣ ትንሽ ድምፅ መኖሩ ከመስኮቱ የሚወጣውን ወሬ ይሸፍናል።

ሐኪሞቹን ማሳመን ዓመት ፈጅቶብኛል። ሁሌም መልሳቸው «ጊዜ የለንም» ነው። እውነታቸውን ነው፣ የላቸውም። ግን እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሐኪሞች የታካሚን ንግግር በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡ አሳይቷል። በ2002 ደግሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሐኪሞች ሳያቋርጡ እንዲያዳምጡ ሲደረግ፣ ታካሚዎቹ በአማካይ በ92 ሰከንድ ተናግረው ጨረሱ። አንድ ደቂቃ ተኩል! ወሬው የሚረዝመው የተቋረጠ ሰው ሐሳቡን ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ስለሚመለስ ነው። ሌላው ወንበር ነው። በ2012 የታተመ የካንሳስ ጥናት ላይ ሐኪሙ ተቀምጦ ያናገራቸው ሕመምተኞች ቆሞ ካናገራቸው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ አብሯቸው የቆየ መስሏቸዋል፤ በተጨባጭ የቆየው ግን አይበልጥም ነበር። ይህን ለአንዱ ዶክተራችን ስነግረው «ታዲያ ወንበር ስጪኛ!» አለኝ። ሰጠሁት።

ኮምፒውተር የምትጠቀሙ ከሆነ ስክሪኑ በታካሚውና በሐኪሙ መሃል ግድግዳ እንዳይሆን ወደ ጎን አድርጉት። ሲጽፍ ደግሞ «ይህን ላስገባው፣ እየሰማሁዎት ነው» ይበል። የእኔን አልትራሳውንድ አስታውሺ። በምርመራ ጊዜ ዝምታ የግድ ከሆነ አስቀድሞ መናገር ይቻላል፦ «አሁን ለጥቂት ደቂቃ ዝም እላለሁ፤ እየለካሁ ስለሆነ ነው፣ ችግር አይቼ አይደለም።»

የምርመራ ክፍሉን ስታሰናጂ አንድ ነገር አድርጊ፦ አልጋው ላይ ራስሽ ውጪና ተኚበት። እኔ ስተኛ ያየሁት የጣራው መብራት ዓይኔ ውስጥ እንደሚበራና በሩ ሲከፈት እግሬ ኮሪደር ላይ ላለ ሰው ሁሉ እንደሚታይ ነበር። ስንት ዓመት ሴቶችን እዚያ አስተኝቻለሁ! አልጋውን አዞርነው፣ መጋረጃ ጨመርን፣ ልብስ መስቀያ ግድግዳ ላይ መታን። የሚሸፈኑበት ንጹሕ አንሶላ ሁሌም ይኖራል። በር ይንኳኳል፣ «ይግቡ» እስኪባል ይጠበቃል። የልብ ማዳመጫው በእጅ ሞቅ ይደረጋል። ለአስታማሚ አንድ ወንበር ይቀመጣል፤ ታካሚውን ግን አስታማሚው ፊት ማውራት ይፈልግ እንደሆነ ለብቻው ጠይቁት።

ይህ ሁሉ ቅንጦት እንዳይመስልሽ። ደም ግፊትን ውሰጂ። የተጨነቀ ሰው ግፊቱ ክሊኒክ ውስጥ ብቻ ከፍ ሊል ይችላል፤ የነጭ ጋውን ግፊት የሚባለው ነው። በትክክል ለመለካት ሰውየው አምስት ደቂቃ ያህል በጸጥታ ማረፍ፣ ጀርባውን መደገፍ፣ እግሩን ሳያነባብር መሬት ማስረገጥ፣ ክንዱን በልብ ትይዩ ማሳረፍ አለበት። ከበር ገብቶ እያለከለከ፣ እየተቆጣነው የለካነው ቁጥር ምን ይረባል? በእሱ መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል እኮ።

ሕፃናትንም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ክትባት ሕመም ያወጣው ምክር ቀላል ነው፦ እናት ወይም አባት አብረው ይሁኑ፣ ትንንሾቹ ይታቀፉ፣ የሚጠባው ከክትባቱ በፊት ወይም እየተከተበ ይጥባ፣ ብዙ መርፌ ካለ በጣም የሚያመው መጨረሻ ይሁን። እኛ ድሮ ልጁን አጋድመን አራት ሆነን ነበር የምንይዘው። ከዚያ በኋላ ነጭ ልብስ ባየ ቁጥር ቢያለቅስ ይፈረድበታል? «አያምምህም» ብላችሁም አትዋሹ። «ትንሽ ይቆነጥጥሃል፣ ቶሎ ያልፋል» ማለት ይሻላል፤ የተዋሸ ልጅ ለሁለተኛው መርፌ አያምናችሁም።

መውጫው ላይ ደግሞ ታካሚው የተነገረውን ይዞ መሄዱን አረጋግጡ። «ገባዎት?» ብለሽ ብትጠይቂ ሁሉም «አዎ» ይላል። እኛ «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ፣ መድኃኒቱን ቤት ሲሄዱ እንዴት ነው የሚወስዱት?» እንላለን። ስንቱ «በባዶ ሆድ» የተባለውን ገልብጦ ሲነግረኝ ሰምቻለሁ።

እሺ፣ ሶፋው። የሚያሰምጥ ለስላሳ ሶፋ አትግዢ። ጉልበቱን ያመመው ሰው ከዚያ መነሳት አይችልም። መደገፊያ ክንድ ያለው፣ ጠንከር ያለ፣ ነጠላ ነጠላ ወንበር ይሻላል፤ የማያውቁት ሰው ጋር መተሻሸትም ይቀራል። ጨርቁ በፀረ ጀርም የሚጠረግ ይሁን። መሃል ላይ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ባዶ ቦታ ተዪ፣ በጥግ ሳይሆን ከሰው መሃል። መብራት መጠበቂያው ላይ ሞቅ ያለ ቢጫማ፣ ምርመራ ክፍል ግን ነጭና ጠንካራ ይሁን፤ በቢጫ መብራት የቆዳና የዓይን ቢጫነት በቀላሉ አይለይም። መስኮት ካለ ወንበሩን ወደ እሱ አዙሪ። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩ ሕመምተኞች የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነው የፈለጉት። ሽቶና ዕጣን መሰል ነገር ግን ይቅር። አስም ያለበትን ያፍነዋል፣ ነፍሰ ጡሯን ያስመልሳታል። «ታካሚ ንጉሥ ነው» የሚል ጥቅስም አትስቀይ። ቆሞ የሚጠብቅ ንጉሥ ያነበዋል።

ሠራተኞችሽ የሚቀመጡበት፣ በር ዘግተው የሚተነፍሱበት ትንሽ ክፍል ይኑርሽ። ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ያላለችን ነርስ ለሃምሳኛው ሰው ስሟን ፈገግ ብላ እንድትናገር መጠበቅ ግፍ ነው። እኛ ከእድሳቱ በኋላ ያንን ክፍል የሠራነው ዘግይተን ነው፤ ቦታው ዕቃ ማከማቻ ነበር።

ቀለሙን ጠይቀሽ ነበርና፣ የእኛ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው። የመረጠችው ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን የምታየው እሷ ስለሆነች። ዓሣዎቹንም የምትመግበው እሷ ናት። ከገንዳው ጎን ነጭ ሰሌዳ ሰቅላለች፤ ዛሬ ስወጣ «ዶክተር 25 ደቂቃ ዘግይተዋል» ይላል።