ቅጠሉን ተዉት፣ እሾሁን አሳዩኝ

የሚመሳሰሉ ዕፅዋት ግራ ያጋቧችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደጀን እስከ አገው ምድር ጥያቄው ጎረፈ። ጥቂቱን እነሆ።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ጋሼ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድ የማየው ግራር ሁሉ አንድ ነው? አካሺያ የሚለው ስም ተቀየረ ሲሉም ሰማሁ።

መልስ፦ አንድ አይደለም ወንድሜ። ስሙም እውነት ተቀይሯል። የዕፅዋት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ቪየና ላይ አካሺያ የሚለውን ስም ለአውስትራሊያዎቹ ዛፎች ሰጡ። በ2011 ሜልቦርን ላይ ጸና። የእኛዎቹ በአብዛኛው ቫቸሊያና ሰኔጋሊያ ተባሉ። እኔን እስካሁን ያናድደኛል።

ለመለየት ቅጠሉ አይረዳህም፣ የሁለቱም ላባ መሳይ ነው። እሾሁን እይ። ከቅጠሉ ግርጌ ግራና ቀኝ ጥንድ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ከወጣ ቫቸሊያ ነው። የደጋው ግራራችን እዚህ ይገባል። እንደ ድመት ጥፍር ጎብጦ ጋቢህን አልለቅ ካለ ሰኔጋሊያ በል። አበባ ካገኘህማ ተገላገልክ፤ የቫቸሊያ ብዙውን ጊዜ ድቡልቡል ነው፣ የሰኔጋሊያ በአብዛኛው እንደ ጅራት ይረዝማል። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ያለውንም የጎበጠውንም እሾህ ብታይ አትደንግጥ። ከቫቸሊያ ወገን እንዲህ የሚያደርግ አለ።

ጥያቄ (ከፋግታ)፦ ከሰል የምናከስለው ዲከረንስስ? እሾህ የለው!

መልስ፦ አካሺያ የሚለውን ስም ይዘው ከቀሩት አውስትራሊያዊ ዛፎች አንዱ እሱ ነው። ለጋ ቅርንጫፉን በጣትህ ዳብሰው። ድቡልቡል አይደለም፣ ጠርዝ ጠርዝ አለው።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ኮባና ሙዝ ይምታቱብኛል።

መልስ፦ እታለም፣ ከሥር ጀምሪ። ኮባ ግርጌው ያበጠ ነው፣ ብቻውን ይቆማል። ሙዝ ከጎኑ ልጅ ያበቅላል። የሙዝ ቅጠል ረዘም ያለ አንገት አለው፣ የኮባው አጭር ነው። ለድፎ ዳቦ ከሆነ ግን ኮባውን ቁረጪ። እናቴ የሙዝ ቅጠል ይዤ ስገባ ትስቅብኝ ነበር።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የቤተ ክርስቲያኑን ጥድ ከፈረንጅ ጥድ በምን ልለይ?

መልስ፦ ፍሬ ልቀም። ያገራችን ጥድ ፍሬ ከአተር ብዙም አይበልጥም፣ ለስላሳ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር። ከሜክሲኮ በኩል የመጣው የፈረንጁ ፍሬ ግን እንጨት ሆኖ ይደርቅና ይሰነጠቃል። አንድ ነገር ልንገርህ፦ ያገራችን ጥድ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ነው። እኔ አንዴ ወንዱ ሥር ፍሬ ስፈልግ ግማሽ ቀን ውያለሁ።