ለምክር ቤት አባሏ፦ የመንገድ ጠረጋውን ከቤት ለቤት ስብሰባው ለይታችሁ ተዋዋሉ

እኅታችን፣ ከጣና ሐይቅ ማዶ ባለችው ከተማዎ ምክር ቤቱ የቆሻሻ ስብሰባውንና የመንገድ ጽዳቱን አንድ ላይ ለግል ድርጅት ለመስጠት እየመከረ መሆኑን ገልጸው «ልምድ ያላችሁ ምን ትላላችሁ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ባሕር ዳር የግል ድርጅቱንም የማኅበራቱንም አሠራር ለረጅም ዓመታት አይታለች፤ እኔም በአንድ የጽዳት ማኅበር በሒሳብ ያዥነት ስለሠራሁ የደረሰብን በእናንተም እንዳይደርስ አጥብቄ እሻለሁ። ለግል ይሰጥ አይሰጥ በሚለው አልከራከርም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ለግል ባለሀብቱ በሩን ከፍቶ ነበር፤ ጥሩ የሚሠሩም አሉ። የእኔ ጭንቀት ገንዘቡ ከማን ወጥቶ በማን እጅ አልፎ ጠራጊዋ ዘንድ ይደርሳል የሚለው ነው።

አንደኛ፣ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ውል አታስሩ። የቤት ለቤት ስብሰባ ከፋይ አለው፤ የመንገድ ጠረጋ ግን ከፋይ የለውም፤ መንገዱ የሁሉም ስለሆነ በሩን አንኳኩተው ሒሳብ የሚጠይቁት ሰው የለም። ድርጅቱ የአገልግሎት ክፍያውን ራሱ ከነዋሪው እየሰበሰበ ጠረጋውንም በዚያው ይሸፍን ከተባለ፣ ጋሪውም መኪናውም ገንዘብ ወዳለበት ብቻ ይሄዳል። ያየሁትም ይህንኑ ነው። የሆቴሎቹና የባንኮቹ ደጃፍ በየማለዳው ሲጸዳ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው የኮብልስቶን ሰፈር ገንዳው ሞልቶ ይፈስ ነበር። ነዋሪው «ካላነሣችሁልኝ አልከፍልም» ይላል፤ ሰብሳቢው «ካልከፈላችሁኝ አላነሣም» ይላል፤ በዚህ መካከል ቆሻሻ የሞላበት ማዳበሪያ ከረጢት ጨለማን ተገን አድርጎ ቦይ ውስጥ ይጣላል። የአንዱን ቦይ ክዳን ስናነሣ ሃይላንዱ፣ ፌስታሉ፣ የጫቱ ገረባና የምድጃው አመድ ተጣብቆ እንደ ጭቃ ጡብ ደርቆ ስለነበር በአካፋ አልነሣ ብሎን በዶማ ነው የቆረጥነው። ያንን ማንም ባያነሣው የሰኔ ዝናብ ወደ ሐይቁ ይወስደዋል። ጣና ከፍተኛ ጥልቀቱ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ሐይቅ ሲሆን፣ ዳር ዳሩን ደንገሉ ውስጥ የተሰካውን ላስቲክ ሳይ ዛሬም ያመኛል። ስለዚህ የቦይ ጠረጋ በውሉ ውስጥ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ፣ ክረምቱ ሳይገባ እስከ ግንቦት መጨረሻ እንዲጠናቀቅ በግልጽ ይጻፍ። የነዋሪውን ክፍያም ከተማው ራሱ ይሰብስብ፤ አዲስ አበባ ከውኃ ሒሳብ ጋር አድርጋ ስትሰበስብ እንደቆየችው ማለት ነው። ድርጅቱ ክፍያውን የሚያገኘው ከከተማው እንጂ ከበር ላይ መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ ሥራውን በምን እንደምትለኩት አስቡ። በክብደት ከከፈላችሁ አሸዋና ድንጋይ ይጫናል፤ ክረምት ላይ ደግሞ የራሰው ቆሻሻ ለውኃው ጭምር ያስከፍላችኋል። በምልልስ ከከፈላችሁ ግማሹ ባዶ የሆነ መኪና ሲመላለስ ይውላል። ጠረጋ በመንገዱ ርዝመትና በታየው ንጽሕና ይለካ፤ የሚጠረጉት መንገዶችም በስማቸውና በካርታ ተዘርዝረው ከውሉ ጋር ይያያዙ።

ሦስተኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሜ የማሳስብዎ የክፍያ ማረጋገጫውን ነው። የእኛ ውል ክፍያ «ሥራው መሠራቱ ሲረጋገጥ» እንደሚፈጸም ይናገራል፤ ማን እንደሚያረጋግጥ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያረጋግጥ ግን አንዲት ቃል የለውም። ይህች ክፍተት ማኅበራችንን ልታፈርሰው ነበር። በየወሩ የቀበሌው ተወካይ ይፈርማል፣ ከዚያ ጉዳዩ ወደ አንድ ቢሮ ይሄዳል፣ ከቢሮው ደግሞ ወደ ፋይናንስ ያልፋል። አንድ ወር ተወካዩ ለሥልጠና ሄዱና ተክቶ የሚፈርም ሰው ጠፋ። ቢሮው ፊርማው ካልመጣ አልነካውም አለ፤ ቀበሌው ውክልና አልተሰጠኝም አለ። እኅቶቻችን ባጃጅ ሳይወጣ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው መጥረግ አላቋረጡም። የቤት ኪራይ ግን ፊርማ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ አንዷ የልጇን ደብተር በዱቤ ገዝታለች። እኔ ደብዳቤ ይዤ ስመላለስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ» ይሉኛል። በመጨረሻ ያነጋገሩኝ ኃላፊ ውሉን ገልጬ ሳሳያቸው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «እናንተ የተቀጠራችሁት ቆሻሻ ልታነሡ እንጂ ውል ልታስተምሩን አይደለም» አሉኝ። ይህ ንግግር ዛሬም ከልቤ አልወጣም፤ ከተማውን የሚያጸዳ ሰው ከከተማው ቢሮ ደጅ እንዲህ ሊመለስ አይገባውም።

ያዳነን የራሳችን መዝገብ ነው፤ ይህንንም በኩራት እናገራለሁ። ከሥራው መጀመሪያ አንሥቶ ለእያንዳንዱ መንገድ የዕለት ቅጽ አዘጋጅቼ፣ ጠራጊዋ ስትጨርስ በዚያው መንገድ ያለ ባለሱቅ ወይም የጥበቃ ሠራተኛ ሰዓቱን ጽፎ እንዲፈርም እናደርግ ነበር። ቅጾቹን በፋይል አድርጌ ከቢሮው በላይ ላለው አካል ሳቀርብ የሚከራከር አልተገኘም፤ የተያዘው ገንዘብ ተለቀቀ፣ ከዚያ በኋላም ያ ቅጽ እንደ ማረጋገጫ ተቆጠረልን። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ ያኔ የተቀጠሩት አብዛኞቹ እኅቶች አሁንም አብረው ይሠራሉ።

ስለዚህ እናንተ ከወዲሁ በውሉ ላይ አስፍሩት፦ አረጋጋጩ በሥራ መደቡ ይጠቀስ፣ ተተኪውም ይጠቀስ፣ የጊዜ ገደብ ይቀመጥለት፣ በገደቡ ውስጥ በጽሑፍ ተቃውሞ ካላቀረበ ሥራው ተቀባይነት እንዳገኘ ይቆጠር። ደግሞም ድርጅቱ ከከተማው ክፍያ ዘገየብኝ ብሎ የጠራጊዎቹን ደመወዝ እንዳያዘገይ ክልከላ ይግባበት። ድርጅቱ የሁለትና የሦስት ወር ደመወዝ ከራሱ መክፈል የሚያስችል አቅም እንዳለው በጨረታው ላይ ካልተፈተነ፣ በዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፍና ጉድለቱን ከእነዚህ ሴቶች ጉሮሮ ላይ ይሞላዋል። አሁን በከተማው ደመወዝ የሚጠርጉት ምን እንደሚሆኑም ይጠይቁልኝ፤ ጓንትና ቦት ጫማው፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚደረገው ሕክምና በማን ላይ እንደሚወድቅ ሳይጻፍ ማንም እንዳይፈርም።

የመጣያ ቦታውን ጉዳይ ለድርጅቱ አትተዉት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የተደረመሰው የቆሻሻ ክምር ከመቶ በላይ ሰው ገድሏል። ቦታውን መምረጥና መቆጣጠር የከተማው ኃላፊነት ሆኖ ይቆይ፤ ድርጅቱ መኪናው ሌላ ቦታ ሲያራግፍ ቢገኝ የሚቀጣው ቅጣትም በውሉ ላይ በብር ተተምኖ ይቀመጥ።

የጨረታ ሰነዱ ገና ረቂቅ ከሆነ የክፍያውንና የማረጋገጫውን አንቀጽ እዚህ ያስፍሩልን፤ እየተነጋገርን እናየዋለን። የዕለት ቅጹንም ባዶውን አዘጋጅቼ እልክልዎታለሁ፤ የመንገዶቹን ስም በከተማችሁ መንገዶች ስም ለውጣችሁ ከውሉ ጋር ማያያዝ ትችላላችሁ።