በፓስወርድ መግባትን ዘግቼ ሰርቨሩ ለምን አሁንም ያስገባል?

«አዲስ የኡቡንቱ 24.04 ሰርቨር በአንሲብል (ሰርቨርን በራሱ በሚያዋቅር መሣሪያ) አዋቅሬ በፓስወርድ መግባትን ዘጋሁ። ፕሌይቡኩ (የአንሲብል የታስኮች ዝርዝር) ያለ ስህተት አለቀ፤ ሰርቨሩ ግን አሁንም በፓስወርድ ያስገባል» ላልከው፦

ጥፋቱ የአንሲብል አይመስለኝም። ከሩቅ ወደ ሰርቨር የሚያስገባህ ፕሮግራም፣ ኤስኤስኤች፣ አንድ መመሪያ ሁለት ቦታ ተጽፎ ካገኘ የሚይዘው መጀመሪያ ያነበበውን ነው። በኡቡንቱ ዋናው የኮንፊግ ፋይል ገና ከላዩ፣ ስሙ በ«ዲ» በሚያልቀው ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በስም ቅደም ተከተል ይጠራል። ክላውድ ላይ በተከራየኸው ሰርቨር ደግሞ ክላውድ-ኢኒት (ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲነሣ የሚያዋቅረው ፕሮግራም) እዚያ ውስጥ በ50 የሚጀምር ፋይል ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ፓስወርድ የሚፈቅደው መስመር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዋናው ፋይል ላይ ብትጽፍም፣ በ99 የሚጀምር ፋይል ብትጨምርም ቀድሞ የተነበበው ያሸንፍሃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች ላይ መጨረሻ የተነበበው ስለሚጸና እዚህም እንደዚያው ይመስለዋል። ፋይልህን በ10 የሚጀምር ስም ስጠው። ከዚያ ሩት ሆነህ ኤስኤስኤችዲን (የኤስኤስኤችን የሰርቨር ፕሮግራም) በትልቁ «ቲ» አማራጭ ብታስኬደው ከሁሉም ፋይሎች ተጣርቶ የሚጸናውን መቼት ይዘረዝርልሃል።

በዚያ ዝርዝር በፓስወርድ መግባት «ኖ» ተብሎ እያለ አሁንም የሚያስገባ ከሆነ ሰርቪሱ ሪሎድ ሳይደረግ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሃንድለር (ለውጥ ሲኖር ብቻ የሚጠራ ታስክ፣ እዚህ ሪሎድ የሚያደርገው) የሚሠራው በፕሌይ መጨረሻ ነው፤ በቀደመ ሙከራህ መሃል ላይ ሌላ ታስክ ከወደቀ ሳይሠራ ይቀራል። ፕሌይቡኩን ስትደግመው ፋይሉ ቀድሞ ስለተስተካከለ ለውጥ አይታይም፣ ሃንድለሩም አይጠራም። ከኤስኤስኤች ታስኮች ቀጥሎ ሃንድለሮችን የሚያስፈጽመውን የሜታ ታስክ አስገባ፤ ፍላሽ ሃንድለርስ ይባላል።

ቅደም ተከተሉን ግን አደራ። መጀመሪያ ሱዶ (የአስተዳዳሪ መብት) ያለው ዩዘር፣ ከዚያ በፓስወርድ ፈንታ የሚገባበት የራሱ የኤስኤስኤች ቁልፍ፣ ከዚያ በዚያ ዩዘር በሌላ ተርሚናል ገብተህ ማረጋገጥ፤ በፓስወርድ መግባት የሚዘጋው ከዚህ በኋላ ነው። የተከፈተውን ሴሽን እስክትጨርስ አትዝጋው። የሱዶ ፋይል ስትጽፍ የቫሊዴት አማራጩ ላይ የሱዶ ፋይልን ስህተት የሚፈትሸውን ቪሱዶን አስገባ፤ የተሳሳተ መስመር የሱዶ መብትህን ሊያሳጣህ ይችላል። ዩኤፍደብልዩን (የኡቡንቱን ፋየርዎል) ከማብራትህ በፊትም ኤስኤስኤች የሚጠቀምበትን 22 ፖርት ክፈት።

አዲስ ሰርቨር እንደተነሣ የጥቅል መጫኛ ታስክ «ሎክ ተይዟል» ብሎ ከወደቀ፣ ከኋላ አውቶማቲክ አፕዴት እየሠራ ሊሆን ይችላል። ሂደቱን አትግደለው፤ ጥቅሎችን በሚጭነው የአንሲብል አፕት ሞጁል የሎክ መጠበቂያውን ከ60 ሴኮንድ ወደ 300 አሳድገው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ፕሌይቡኩን ደግመህ አስኪደው። «ቼንጅድ» የሚለው 0 ካልሆነ መጀመሪያ የሼል ታስኮችህን ፈትሽ፤ የክሪኤትስ አማራጭ (ፋይሉ ካለ ታስኩን የሚያልፍ) ካልሰጠሃቸው በየጊዜው እንደ አዲስ ይሠራሉ።