የአንባቢያን ጥያቄ፦ የጤና መድን ኩባንያዎች ቢበዙ ይቀለን ይሆን?

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኞቹ የቡድን የጤና መድን ገብቶልናል። ይሁንና ውሉ ኩባንያው በዘረዘራቸው ጥቂት ተቋማት ብቻ እንድንታከም፣ ለአንዳንድ ምርመራዎችም አስቀድመን እንድናስፈቅድ ያስገድዳል። ኩባንያዎቹ በዝተው ቢፎካከሩ ይሻላል ወይስ መንግሥት ዋጋውን ቢተምን? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ከፋዩ የሕክምናውን ቦታና ሁኔታ ጭምር የሚወስንበት ይህ አሠራር በአሜሪካ የተስፋፋው በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ ሕግ በኋላ ሲሆን፣ የታሰበውም ፉክክር ወጪን ይገታል ተብሎ ነበር። ችግሩ ግን ለመድን ኩባንያ ቀላሉ የማትረፊያ መንገድ በሽተኛን በሚገባ ማሳከም ሳይሆን ከመጀመሪያውም ጤነኛውን መርጦ መመዝገብ መሆኑ ነው። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ኩባንያዎቹ እንዲፎካከሩ ፈቅዳ፣ ለመሠረታዊው ሽፋን የመጣውን አመልካች ሁሉ እንዲቀበሉ፣ በዕድሜና በሕመም ምክንያትም አረቦን (ለመድኑ የሚከፈለውን ገንዘብ) እንዳይጨምሩ አስገደደች፤ ብዙ ሕመምተኛ ለያዘው ኩባንያም ከጋራ ቋት ማካካሻ ይከፈለዋል። ይህ ማካካሻ ባይኖር ኖሮ የስኳር ሕመምተኛውን በሰበብ አስባቡ መሸሹ አይቀርም ነበር።

ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ፣ ታማሚ ቀፊራ ገበያ እንደ ወጣ ሸማች ዋጋ እያማረጠ አይዞርም፤ ትልልቆቹ ሆስፒታሎችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ቢበዙ እንኳ የሚዋዋሉት ከእነዚያው ሆስፒታሎች ጋር ስለሚሆን የእርስዎ ምርጫ እምብዛም አይሰፋም። ዋጋ መተመኑንም ቢሆን አልደግፈውም፤ ተመኑ ከወጪያቸው ካነሰ ተቋማቱ ከዝርዝሩ ይወጣሉ ወይም ለታካሚው የሚሰጡትን ጊዜ ያሳጥራሉ። ዋጋው በግልጽ እንዲለጠፍ ማስገደድ ግን ማንንም አይጎዳም።

የመድን ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ሲሆን የጤና ተቋማትን የሚቆጣጠሩት የጤናው ዘርፍ አካላት ናቸው። በእኔ እምነት ደንብ በብርቱ የሚያስፈልገው በሁለቱ መካከል ነው፦ ፈቃድ ሲከለከል ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽ፣ ለመልሱም የጊዜ ገደብ እንዲኖረው፣ ድንገተኛ ሕክምና ደግሞ ጨርሶ ፈቃድ እንዳይጠየቅበት። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮውን በቤተሰብ እንጂ በሕመም ዓይነት አለመተመኑ የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም የሚፎካከረው ስለሌለ መድኃኒት ሲጠፋ አባሉ ፊቱን የሚያዞርበት ሌላ መድን የለውም።

ውሉ ሲታደስ፣ ሐኪም ሐረር ወደሚገኘው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ወይም አዲስ አበባ ሪፈር ቢጽፍልዎ ወጪው ይሸፈን እንደሆነ መሥሪያ ቤትዎ በጽሑፍ ያስገባልዎ፤ የቡድን ውል እንደ መሆኑ የመደራደር አቅሙ ያለው እርሱ ነው።