ፎርማሊን የገባበት አስከሬን ዳግም ሲመረመር

ከቤሩት በፎርማሊን (አስከሬን እንዳይበሰብስ በሚያደርግ ኬሚካል) ተጠብቆ የመጣው የእህትዎ አስከሬን ዳግም ቢመረመር ፋይዳ አለው ወይ ላሉት፣ አዎን፣ አለው። የአጥንት ስብራትና በአንገት ውስጥ የደረሰ ጉዳት ፎርማሊን ከገባ በኋላም ይታያሉ።

የሚጎዳው በተለይ የመርዝ ምርመራ ነው፤ ፎርማሊን ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ስለሚያጠፋና በማቆያው ፈሳሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሜታኖል የተባለ መርዛማ አልኮል ስለሚኖር፣ ከደም የሚገኝ ውጤት እምብዛም አያስተማምንም። ያልተነካ የዓይን ውስጥ ፈሳሽ ካለ ግን ከደም ይሻላል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ እምብርት አጠገብ የምትታይ ትንሽ ቀዳዳ ፎርማሊን ሲደረግ ከሆድ ፈሳሽ ለመምጠጥ የገባ መሣሪያ የተዋት ልትሆን ትችላለች። ቤተሰብ ይህችን አይቶ «ተወግታለች» ሲል አጋጥሞኛል። ስለዚህ አስከሬኑ ሳይታጠብ፣ ልብሷም ሳይጣል ይቆይ፤ የመጀመሪያውን ምርመራ ሪፖርትና ፎርማሊን ስለመግባቱ የተሰጠውን ወረቀት ለሐኪሙ አስቀድመው ያቅርቡ።